ወርዶ የሚገፋ እንደ እግረኛ ይቆጠራል

እፀገነትን ድልድዩ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ነው ብዬ ልዋሽ አልችልም፤ የምደባው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ወልደጻድቅ እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መረጃ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሰበሰብኩት መረጃ የት እንደሚደርስ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ድሬ ዳዋን ለብስክሌት ምቹ ለማድረግ የሚል ጥናት መጣ። ስሰማው ሳቄ አመለጠኝ። ድሬ ለሳይክል ያልተመቸችው መቼ ነው? መሬቷ ሜዳ፣ መንገዷ ቀጥ ያለ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። በልጅነቴ የሥራ መውጫ ሰዓት ሲደርስ ከለገሀሬ የሚወጣው ሳይክል መንገዱን ስለሚሞላው እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ ይጠሩ ነበር። ከዚያ ባጃጅ መጣ፣ ሚኒባስ መጣ፣ ሳይክሉ ወደ ጠርዝ ተገፋ። እኔም ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ሳይክሌን ሸጬ የባጃጅ ደንበኛ ሆንኩ። አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ መሐንዲስ ልከው ስለ ሳይክል ሊያስተምሩን ነው። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይኼ ነው።

መሐንዲሱ ፍቅረ ማርያም ይባላል። ክፉ ልጅ አይደለም። የመጣ ዕለት የቢሯችን ጽዳት ሠራተኛ "አንተ፣ እግርህን አንሳ እስቲ" ስትለው ክው አለ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም እንዳልተለመደ፣ ከንቀት እንዳይቆጥረው አስረዳሁትና ተረጋጋ። ይዞት የመጣው ነገር አጭር ነበር። በጀቱ የሚበቃው ለአንድ ቦታ ብቻ ነው። ወይ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ በዛፉ ጥላ ስር፣ የብስክሌት መስመር ይሠራል፤ ወይ የደቻቱ ድልድይ ጠርዝ ሰፍቶ ለብስክሌት የተከለለ መተላለፊያ ይወጣለታል። የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ቆጠራ ነው፤ ብዙ ብስክሌተኛ የታየበት ቦታ ያሸንፋል። ለቆጠራው ሰው ይቀጠር ተባለ፣ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። በማግስቱ እፀገነት መጣች።

እፀገነት ጎረቤቴ ናት፤ በእድርም አንድ ነን። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ አለምብርሃን ሃያ ሁለት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ሠርቷል። ዝምተኛ፣ የታዘዘውን ሁሉ እሺ የሚል ሰው ነበር። ከራሱ ይልቅ ሳይክሉን ያጥባል እያልን እንቀልድበት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ከሥራ ሲመለስ ያ ድልድይ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶ ጣለው። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ለቅሶው ላይ እፀገነት አላለቀሰችም። ሌላው ደረቱን ሲመታ እሷ ለመጣው ሰው ወንበር ትፈልጋለች፤ ድንኳኑ ደጅ የተደበላለቀውን ጫማ ጥንድ ጥንዱን ታገናኛለች። ሴቶቹ "ደንግጣ ነው፣ ይወጣላታል" አሉ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ አልወጣላትም። ዓመቱ ሲሞላ ጥቁሯን አወለቀች። ልጇ ዮርዲ ያለ ድግስ ተፈራርማ አግብታ አዳማ ገባች። እፀገነት ያው ናት። ሰላም ስትላት ሰላም ትላለች፣ ሲጠሯት ትመጣለች፣ ሲሰጧት ትበላለች። ሙቀቱ ሰው በሚያሳብድበት በሰኔ እንኳ "ሞቀኝ" ስትል አልሰማኋትም። አንድ ቀን በሯ ላይ ቆሜ "አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል? አልቅሺ እንጂ!" ብዬ ጮህኩባት። "ምንም አልሆንኩም" አለችኝና የጀመረችውን ልብስ ማስጣት ቀጠለች። በዚያ ጩኸቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ለቅሶ ላይ የሰው አፍ መቼም አይዘጋም። በነዚያ ቀናት ደጋግሞ የተባለ አንድ ነገር ነበር። አለምብርሃን ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ከሳይክሉ ወርዶ እየገፋ ነበር የሚሻገረው። ጥንቁቅ ነበር። ያን ዕለት ግን አልወረደም። "ምን ነካው? ምነው እንደ ልማዱ በወረደ!" ይላል የመጣው ሁሉ። እኔም ብያለሁ። እሷ ቡና ስኒ እየሰበሰበች አጠገባችን ቆማ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ያቺ እፀገነት ናት ቆጣሪ ልሁን ብላ የመጣችው።

"ከዚራ ልመድብሽ፣ ጥላ አለው" አልኳት።

"ድልድዩ ላይ መድበኝ።"

"እፁ፣ ኧረ በእግዜር! ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?"

"ሰው ሳይወርድ ያልፍ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ" አለች። "ስንቱ ሳይወርድ እንደሚያልፍ።"

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። የቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ የመጣ ሰው አድራሻውን እንደሚናገር ነበር የምትናገረው።

"ያን እሁድ የዮርዲ ሽማግሌዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊመጡ ነበር። እሱ ፈረቃው ስምንት ሰዓት ነው የሚያልቀው። ጠዋት ሲወጣ 'ዛሬ እንኳ ድልድዩ ላይ እየወረድክ አትንቀርፈፍ፤ ሽማግሌ ደጅ ላይ እንዳይቆም፣ ቶሎ ድረስ' አልኩት። እሺ አለኝ። እሺ ባይ ነው፣ ታውቀዋለህ። ብዙ ሰው ሳይወርድ የሚያልፍ ከሆነ እሱም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ሰው ሁሉ የሚወርድ ከሆነ ግን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሳስበው ነበር፤ አንዴ ልቁጠረውና ልወቀው።"

አንደበት ያለው ሰው "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" ይል ነበር። እኔ ወረቀቱን ስቤ "ድልድይ" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ቆጣሪዎቹን አዳራሽ ሰብስቤ ቅጹን ያስረዳሁትም እኔው ነኝ። ቅጹ አምስት ዓምድ አለው፤ እግረኛ፣ ብስክሌተኛ፣ ባጃጅ፣ መኪና፣ ጋሪ። አራት ጭረት ትጭራለህ፣ በአምስተኛው ታስራለህ። ሰዓቱን ያወጣው መቼም ድሬን የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአንክሮ ቁጠሩ ይላል። በዚያ ሰዓት ከተማው ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው፣ ያልተቀመጠውም ተኝቷል። በዚህ ስቀልድ ቆጣሪዎቹ ሳቁ። ከቅጹ ግርጌ ደግሞ በደቃቅ ፊደል አንድ ማስታወሻ ነበር፤ "ከብስክሌቱ ወርዶ የሚገፋ ሰው እንደ እግረኛ ይቆጠራል" የሚል። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ግልጽ ነው ወይ አልኩ፤ ግልጽ ነው አሉ። ለቀልዱ የነቃሁትን ያህል ለዚህ አልነቃሁም።

የመጀመሪያው ቀን ሰኞ ነበር። ረፋዱ ላይ ውሃ ይዤ በባጃጅ ሄድኩ። እፀገነት ድልድዩ አፍ ላይ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣለች፤ ጃንጥላዋ አንድ ሽቦ ተሰብሮ በአንድ ጎን ተንጋዷል። ወንዙ ደረቅ ነው። አሸዋው ላይ ፍየሎች ካርቶን ይበላሉ፣ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡት ሸራቸውን ዘርግተዋል። ድልድዩ ላይ ባጃጁ ባጃጁን ለማለፍ ይጋፋል፣ ሚኒባሱ ከኋላ ጥሩምባውን አይለቅም፣ የጭነት መኪናው በመጣ ቁጥር ሁሉም ወደ ጠርዝ ይለጠፋል። ሳይክል የያዘ ሁሉ ድልድዩ ጋ ሲደርስ አንድ እግሩን አዙሮ ይወርዳል፣ ከእግረኛው ጋር ተሰልፎ እየገፋ ይሻገራል፣ ማዶ ሲደርስ ይወጣና ይሄዳል። እሷ ዓይኗን ሳትነቅል እግረኛ ዓምድ ላይ ትጭራለች።

"በስንት ደረስሽ?" አልኳት።

"እግረኛ ስምንት መቶ አርባ። ብስክሌተኛ ሁለት።"

"ሁለት ብቻ? እነማን ናቸው?"

"አንዱ ፍሬን የለውም፣ መውረድ አልቻለም። አንዱ ስካሩ አልለቀቀውም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሷ ውሃውን ተቀበለችኝ፣ ጠጣች፣ ክዳኑን አጥብቃ መለሰችልኝ።

ይኼኔ ዒልሚ መጣ። ዒልሚን ቀፊራ ገበያ የማያውቀው የለም። ስልሳን የተጠጋ፣ ጺሙን ሂና የሚቀባ ሶማሌ ነው። ከቀፊራ ሽንኩርት በሳይክል ጭኖ ለከዚራ ምግብ ቤቶች ያደርሳል፤ ድልድዩን በቀን ስድስት ሰባቴ ይሻገራል። ኋላው ላይ ጆንያ አስሮ፣ እየገፋ፣ እኔን ሲያይ ቆመ።

"ዋርያ ወልዴ! ጉልበትህ እንዴት ነው? ይቺ ሴትዮ ምንድነው የምትጽፈው?"

"ትቆጥራለች። የሳይክል መንገድ ሊሠራ ነው።"

"ማሻአላህ! እኔን ምን ብላ ጻፈችኝ?"

"እግረኛ" አለች እፀገነት፣ ቀና ሳትል።

"እግረኛ? አቦ፣ ሳይክሌስ? ሽንኩርቱን በጀርባዬ ነው የተሸከምኩት?"

"ከወረድክ እግረኛ ነህ። ወረቀቱ ነው የሚለው።"

"ወላሂ ይኼ ወረቀት ሳይክል ነድቶ አያውቅም!" ብሎ በሳቅ ፈነዳ። እፀገነት በዚህ ጊዜ ቀና አለች። ፊቷን ሲያይ ሳቁ እዚያው ተቋረጠ።

"ለምንድነው ግን የምትወርደው?" አለችው።

"ጠባብ ነው... ድልድዩ ጠባብ ነው" አለና ጆንያውን እያስተካከለ ሄደ። እኔ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ወዲያ ባለፈ ቁጥር በሌላኛው ጠርዝ በኩል ፊቱን አዙሮ እንደሚያልፍ እሷ ነገረችኝ። በየጊዜውም እግረኛ ብላ ትጭረዋለች።

ሐሙስም እንደዚያው፣ ቅዳሜም እንደዚያው። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወረቀቷን ይዛ ቢሮ መጣች። ደመርነው። በሦስት ቀን ድልድዩን ያለፈ ብስክሌተኛ፣ ዘጠኝ። የከዚራው ወረቀት ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ስድስት መቶ ሰላሳ። የከዚራ ነገር እንደሚታወቀው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሳይክል በግማሽ ሰዓት ይከራዩና ያንኑ ጥግ ሲዞሩ ይውላሉ። ቆጣሪው ደግሞ እንደታዘዘው ባለፉ ቁጥር ይጭራል።

ደሜ ፈላ። "ስሚ እፁ፣ ከእግረኛው ላይ ሰባት መቶውን ወደ ብስክሌተኛ እናዙረው። የገፋውን ሁሉ አይተሻል አይደል? ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

"ድልድዩ እኮ ሊቀር ነው! ሌላ ሰው ሊሞት ነው!"

"ዘጠኝ ነው ወልዴ። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።" እስክሪብቶውን ጠረጴዛዬ ላይ መለሰችልኝ። "ሰው ሁሉ ይወርዳል። እንግዲያው እኔ ነኝ ማለት ነው" አለች።

ጨካኝ ነገር ነው፣ ግን የሆነውን ልናገር፤ ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። ነጠላዋን አስተካክላ "ደህና እደር" ብላኝ ወጣች። እኔ ቁጭ ብዬ ያቺን የግርጌ ማስታወሻ ደግሜ አነበብኳት፤ ያኔ ገባኝ። ሰው እንዳይሞት የሚወርድበት ቦታ ላይ፣ ስለወረደ ብስክሌተኛ የለም ተባለ። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም፤ ለሃያ ስድስት ዓመት የሚያነበውን የሚያስብ ሰው መሆን ብቻ ይበቃል። እኔ አልነበርኩም። ለፍቅረ ማርያም ደውዬ ነገርኩት። "ጋሼ፣ ቅጹ የጸደቀ ነው፤ ለሕዝብ ውይይቱ እንዲሁ ይቅረብ" አለኝ።

ውይይቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፣ ጣሪያው ላይ ከተሰቀሉት ሦስት ማራገቢያዎች የሚዞረው አንዱ ነው፣ ሰው ሁሉ እሱ ስር ተጨናንቋል። መጀመሪያ ሐሳብ ስጡ ተባለ። የድሬ ሰው ሐሳብ ስጥ ከተባለ መቼ ይሰስታል? አንዱ ከሳቢያን ጀምሮ መንገዱን ሁሉ ኒም ዛፍ ትከሉበት፣ ፀሐዩ ነው ከሳይክል ያወረደን አለ። አንዲት መምህርት ቀፊራ ላይ ሳይክል የምናስርበት ብረት ይተከል፤ ሽንኩርት ልገዛ ገብቼ ስወጣ ሳይክሌ የለም አለች። አንድ የባጃጅ ሾፌር ተነስቶ ደግሞ እውነቱን አወጣው። "እኛ የምንቆምበት ቦታ ይወሰንልን። አሁን እጅ ባየን ቁጥር ወደ ጠርዝ እንጠመዝዛለን፤ ጠርዙ ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ" አለ። ተጨበጨበለት። ባጃጅ ሲጨበጨብለት ያን ቀን አየሁ።

ከዚያ ፍቅረ ማርያም የቆጠራውን ውጤት አነበበ። ከዚራ፣ ስድስት መቶ ሰላሳ። ሌሎቹን ቦታዎች አነበበ። "የደቻቱ ድልድይ፣ በሦስት ቀን፣ ዘጠኝ።"

አዳራሹ ተተራመሰ። "ምን? ዘጠኝ?" "ማነው የቆጠረው? ዓይን የለውም?" "አቦ ተዉን!"

እፀገነት ከኋላ ወንበር ተነሳች። "እኔ ነኝ የቆጠርኩት። ዘጠኝ ነው። ሌላው ሁሉ ወርዶ ነው የሚያልፈው" አለች። ቁጭ ልትል ስትል ከግድግዳው ጥግ ዒልሚ እጁን አወጣ።

"እኔ ዒልሚ ነኝ፤ ሽንኩርት የማመላልሰው" አለ። "ይቺ ሴት እውነቷን ነው። አሁን ተቀምጦ የሚያልፍ የለም። ግን ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ሁላችንም ተቀምጠን ነበር የምናልፈው። ወርዶ የሚገፋው ባሏ ብቻ ነበር፤ አለምብርሃን። 'ሳይክልህ ደከማት እንዴ?' እያልን እንስቅበት ነበር።"

ዒልሚ ወደ እፀገነት ዞረ፤ ከዚያ በኋላ የሚያወራው ለሷ ብቻ ነበር።

"ያን እሁድ ፈረቃ የለቀቁት አብረው መጡ። እኔ መሐላቸው ገባሁ። ሁላችንም ተቀምጠናል። ባልሽ ከኋላዬ ነበር። መኪናው መጀመሪያ የደረሰው እኔ ጋ ነው። ጆንያዬን ቀደደው፣ ሽንኩርቱ ተዘረገፈ፤ እኔን አልነካኝም። ቀጥሎ እሱ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ተቀምጦ አላለፈም። እኛን ያወረደን ያንቺ ባል ነው።"

"ስንት ነበራችሁ?" አለች እፀገነት።

"እ?"

"ያን ቀን። ስንት ሳይክል ነበራችሁ?"

ዒልሚ ጣቱን አንድ በአንድ አጠፈ። "አሥር... ከኔ ጋር አሥራ አንድ።"

"ሁላችሁም ተቀምጣችሁ?"

"ሁላችንም። ወላሂ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? መኪናው እኔን ስቶ ባልሽን አገኘው ብዬ? አፈርኩ። በለቅሶው ደጅ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ፤ መግባት አቃተኝ።"

እፀገነት አልተቀመጠችም። ቀጥላ፣ ዘጠኝ ባለችበት በዚያው ድምፅ፣ "ያን ቀን አትውረድ ያልኩት እኔ ነበርኩ" አለች። ከፊቴ የተቀመጠችው መምህርት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዒልሚ ግን አልደነገጠም።

"ሀዬ። እኔንስ አትውረድ ያለኝ ማነው?" አላት። "ማንም አላለኝም። ተቀምጬ ነበር።"

እሷ ቁጭ አለች። ፍቅረ ማርያም ወረቀቱን ይዞ መድረኩ ላይ ቀርቷል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ክፉ ልጅ አይደለም ብያለሁ። ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ቅጹ ላይ፣ ያቺን የግርጌ ማስታወሻ ሰረዛት፤ "ብስክሌት የሚገፋ" የሚል ስድስተኛ ዓምድ ይጨመርና ድልድዩ እንደገና ይቆጠር አለ። የጸደቀ ቅጽ ነው ያለኝን ሰው ይኼን ሲያደርግ ማየት ደስ ይላል። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ እፀገነትን ነበር የማየው። ስብሰባው ሳያልቅ ወጣች።

ዳግመኛውን እንድትቆጥር ስጠይቃት "አንተ ቁጠር" አለችኝ። ስለዚህ ሦስቱን ቀን ያቺ የለስላሳ ሳጥን ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ሊገድለኝ ነበር። ዒልሚ ባለፈ ቁጥር እየቆመ ስድስተኛው ዓምድ ላይ መጻፉን በዓይኑ ካላየ አይሄድም። በሦስተኛው ቀን ማታ ሲደመር፣ ሳይክሉን እየገፋ ድልድዩን የተሻገረ፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስምንት። ሪፖርቱ ላይ ድልድዩ አንደኛ ሆኖ ገባ። ሥራው ገና አልተጀመረም፤ አካፋ ሲያነሱ ሳይ አምናለሁ።

ቁጥሩን ለእፀገነት ልነግራት በማግስቱ፣ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ባዶ እግሯን ናት፣ ፀጉሯ አልተጎነጎነም። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

"ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስምንት" አልኳት። "ድልድዩ ይሠራል።"

"እሺ" አለች።

"አመመሽ እንዴ?"

"አይ። እንቅልፍ እንቢ አለኝ።" ባዶ እግሯን ወደ ቀሚሷ ስር ሰበሰበች። "ወልዴ፣ እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ገደልኩት ወይስ አልገደልኩትም ብቻ ነው ያሰብኩት። ሌላ ምንም አላሰብኩም።"

"አሁንማ አወቅሽ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "አለምብርሃን እኮ ሞተብኝ" አለች።

"አዎ" አልኳት። "ሞተብሽ።"

ከዚያ የወጣውን ድምፅ ምን ብዬ ልጻፈው? ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች ጮኸች። ባልን ወንድሜ እያሉ ማልቀስ የእናቶቿ ወግ ነው፤ ያኔ ድንኳን ውስጥ ሁላችንም የጠበቅነው ይህን ነበር። እኔ አጠገቧ ደረጃው ላይ ዘጭ አልኩ።

ጩኸቱ ግቢውን አልፎ ወጣ። በርጫ ላይ የነበረው በርጫውን ጥሎ፣ የተኛው ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሮጠ መጣ። ሸፊቃ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው፣ ሽርጧን እንኳ ሳታስር በሩ ላይ ደረሰች።

"ማነው? ማን ሞተ?" አለችኝ።

"አለምብርሃን" አልኳት።

ሸፊቃ እፀገነትን አየቻት። ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ሸፊቃ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች፣ ወንዶቹ ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁና ገብተው ተቀመጡ።